አሥራ አንድ ገጽ ፋይን

ጡረታ የወጣሁት በሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ሳወራው ያስቀኛል። ግን ዘጠኝ ዓመት ያህል እዚህ ካምፓላ የሐበሻውን ለፈረንጅ አፍ፣ የፈረንጅ አፉን ለሐበሻው ሳቀብል ኖሬ አሁን ያንን ሥራ አልሠራም። የስንብት ግብዣ አልተደረገልኝም። ሲስተር ናካቶ የምትባል የክሊኒክ ነርስ ስልኳን ወደ አፌ አስጠግታ «እስቲ በቋንቋሽ አንድ ነገር ተናገሪ» አለችኝ። ተናገርኩ። ስልኩ በእንግሊዝኛ መለሰላት። በደስታ አጨበጨበች። እኔ ቦርሳዬን አነሳሁ። በቃ።

ሰው ሲጠይቀኝ «ስልክ ነው ሥራዬን የቀማኝ» እላለሁ። ወዲያው ይገባዋል፤ ከንፈሩን ይመጥልኛል። እውነቱ ግን ስልኩ ባይመጣም ልተወው ነበር። ከዚያ በፊት ወራት ሙሉ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ልትወጣ አፌ ላይ በደረሰች ቁጥር ጉሮሮዬ ይዘጋ ነበር። ቃሏ ደግሞ ከባድ ቃል ብትሆን ጥሩ። ካምፓላ ውስጥ ገና አፉን የፈታ ሕፃን ያውቃታል። ጠዋት ኪዋቱሌ መንገድ ዳር ብትቆሙ፣ ዩኒፎርም ለብሰው እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱት ልጆች ማንም ሳይጠይቃቸው ይጮሁባችኋል፦ «አይ አም ፋይን!»

ስለዚህች ቃል ነው የምጽፈው። ቃሏን ስላስተማሩኝ ሰውዬም፣ በእኔ ጥድፊያ እግራቸውን ስላጡት ሴትም እጽፋለሁ። ቀድሜ ተናግሬዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ደብቃ አመጣችው እንዳትሉኝ።

ከእናቴ ጋር ከአዲስ አበባ ስመጣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እንግሊዝኛዬን ያገኘሁት እዚሁ ሴኮንደሪ ትምህርት ቤት፣ የአገሬውን ቋንቋ ሉጋንዳን ከታክሲ ተራ ነው። የሴኮንደሪውን መጨረሻ፣ ሲኒየር ሲክስን ጨረስኩ፤ ከዚያ ወዲያ የሚገፋኝም የሚከፍልልኝም አልነበረም። ዩኒቨርሲቲን የማውቀው ከግርጌው ነው። ማኬሬሬ ኮረብታ ሥር፣ ሮሌክስ የሚሉትን እንቁላል በቂጣ ከሚጠቀልለው ሰውዬ አጠገብ፣ የጋሽ ሰዒድ ሱቅ ነበረች። ፎቶ ኮፒ ያነሳሉ፣ የስልክ ካርድ ይሸጣሉ፣ እስክሪብቶ ይሸጣሉ፣ ተምር ይሸጣሉ። ደሴ ላይ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ። ካምፓላ ከኔ ዕድሜ በላይ ኖረዋል፤ የአገራችን ሰው ሆስፒታል ሲገባ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሲቀርብ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲባረር የሚጠራው እሳቸውን ነበር።

የተገናኘነው በጠብ ነው። የትምህርት ማስረጃዬን ኮፒ ላስነሳ ሄጄ፣ ደጃፋቸው ላይ አንዲት የአገራችን ሴት ቦዳ ከሚሉት የሞተር ታክሲ ነጂ ጋር ትጨቃጨቃለች። እኔ ደግሞ ጠብ ሳይ እግሬ አይቆምም። መሀል ገባሁ። እሷ «ያልኩህ ቦታ አላደረስከኝም» ስትል፣ እኔ «ሌባ ነህ ትልሃለች» አልኩት። ያጠረና የፈጠነ መስሎኝ ነው። ልጁ የራስ መከላከያውን አውልቆ መጣ። ጋሽ ሰዒድ ከሱቃቸው ወጡና ቀስ ብለው «ሴቦ፣ ሌባ አላለችህም» ብለው እሷ ያለችውን ከነትንፋሿ ነገሩት። ልጁ ረገበ። «ታዲያ እንደዚያ አትለኝም?» አለና መልሶ አፈናጠጣት።

እኔን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ምላስሽ ፈጣን ነው። ጆሮሽን የት ጥለሽው መጣሽ?»

«ጆሮዬ አለ።»

«እንግዲያው ከምላስሽ ኋላ ቀርቷል። ነገ ነይ፤ እናስታርቃቸዋለን።»

በማግስቱ ሄድኩ። እንደዚያ ነው ሥራ የጀመርኩት።

ጋሽ ሰዒድ መዝገበ ቃላት አያምኑም። «መዝገበ ቃላት ቃሉ የተወለደበትን ይነግርሻል፤ ዛሬ የት እንደሚውል አይነግርሽም» ይላሉ። አንድ ወፍራም የተማሪ ደብተር ነበራቸው። ለእያንዳንዷ ተራ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ገጽ ሰጥተዋታል፤ በሰሙበት ቀን፣ ከሰሙበት አፍ ጋር በእርሳስ ይጽፋሉ። ብዙዎቹ ቃላት ከአንድ ገጽ አያልፉም። ፋይን ግን አሥራ አንድ ገጽ ይዛለች።

የመጀመሪያው ገጽ የሕፃናቱ ነው። ሁለተኛው የከተማው ደንብ አስከባሪዎች ነው፤ መንገድ ላይ ሙዝ የምትሸጥ ሴት ይዘው ከጫኗት በኋላ የሚጠይቋት ቅጣት። ሦስተኛው የወፍጮ ቤት ነው፤ የላመው የፖሾ፣ የበቆሎ ዱቄት። አራተኛው የተማሪ ነው፤ ማቶኬ የሚሉት የሙዝ ገንፎ ሲጨመርልህ እጅህን ሳህኑ ላይ ዘርግተህ «በቃኝ» የምትልበት። አንዱ ገጽ ላይ ቤት አከራያቸው ወይዘሮ አለች። ጣራው ያፈሳል ብለው ሲነግሯት «ፋይን» ብላ በሩን ዘጋችው፤ ጋሽ ሰዒድ ከሥሩ «ይህኛው ፋይን ጠብ ነው፣ ጣራው አይሠራም» ብለው ጽፈዋል። ጣራው እውነትም አልተሠራም። ስለ ቆንጆ ወንድ የተጻፈ ገጽም አለ። እሱን ሳነብ ስስቅ ደብተሩን ነጥቀውኝ «ይሄ ላንቺ ፈተና አይመጣም» አሉኝ።

ከሁሉ የሚፈሩት ዘጠነኛውን ነበር። ሐኪም ስለ በሽተኛ ለቤተሰቡ የሚናገረው ነው። «ፋይን ይሆናል» ይላል ሐኪሙ፣ ኮቱን እያወለቀ። እኔ ብሆን «ይድናል» ብዬ እናቲቱን አስለቅሳታለሁ። ጋሽ ሰዒድ እርሳሳቸውን ያነሳሉ። እርሳስ ሲያነሱ ሐኪም ሳይቀር ይቆማል። «ዶክተር፣ ይነሳል ማለትዎ ነው? ይበላል? ወደ ሥራው ይመለሳል?» ሐኪሙ ኮቱን መልሶ ይለብሳል።

ሥራቸውን ለሁለት ዓመት ያህል ከጎናቸው ሆኜ አየሁ። እርሳስ የሚቀርጹት በምላጭ ነው፤ ውጭ ጨርሰው ይገባሉ እንጂ በሽተኛ ፊት ምላጭ አያወጡም። ወንበራቸውን በሽተኛው ጆሮ አጠገብ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ያደርጉታል። ሐኪሙና በሽተኛው እንዲተያዩ ነው፤ «እኔን ካዩኝ ሥራዬ ተበላሸ» ይላሉ። በሽተኛው «አመመኝ» ካለ እሳቸውም በእንግሊዝኛ «አመመኝ» ይላሉ፤ «አመመኝ ትላለች» አይሉም። ሴትየዋ ካለቀሰች አያባብሉም፣ ግን አያፋጥኑም። ከራሳቸው ምንም አይጨምሩም። ስድብም ቢሆን አይቀንሱም፤ አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ሐኪሙን «ደንቆሮ» ብሎ ሲሰድበው ሳያስተካክሉ አስተረጎሙት፤ ከዚያ እሳቸው ራሳቸው አፈሩ።

እና ሁልጊዜ ይቀመጣሉ። ወንበር ከሌለ ይጠይቃሉ። ከጠፋ ባልዲ ገልብጠው ይቀመጣሉ።

«ለምን?» አልኳቸው። እኔ መቀመጥ አልወድም።

«የቆመ አስተርጓሚ የሚሄድበት አለው። በሽተኛው ያንን ያያል።»

ሌላም ያስተማሩኝ ነገር አለ፤ ከሁሉም ይህንን ብይዝ ይበቃኝ ነበር። ክሊኒክ ውስጥ የኛ ሰው «እንዴት ነዎት» ሲባል የሚመልሰውን ታውቃላችሁ። ትኩሳቱ ጣራ ነክቶ «ደህና ነኝ» ይላል። ሐኪሞቹ ግራ ይገባቸዋል። ጋሽ ሰዒድ ታዲያ ቃሉን ካስተረጎሙ በኋላ ፈቃድ ጠይቀው እንዲህ ይሏቸዋል፦ «ዶክተር፣ እስካሁን ያመሰገኑት ፈጣሪን ነው። ለርስዎ ገና ምንም አላሉም። እባክዎ ደግመው ይጠይቋቸው።»

ውጭ ስንወጣ ለኔ ያብራሩልኛል። «እኔ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፣ እናትሽ ተመስገን ትላለች። ሁለታችንም መጀመሪያ ወደ ላይ ነው የምንመልሰው። ወደ ሐኪሙ የሚመለሰው ቆይቶ ነው፣ በ‹ብቻ› ነው የሚመጣው። ‹ደህና ነኝ ተመስገን፤ ብቻ ይሄ ጎኔን...› ሲሉሽ አልሰማሽም? የኛ ሰው ሕመሙን ‹ብቻ› ከሚላት ኋላ ነው የሚያስቀምጣት። እሷን ስትሰሚ ብትቆሚም ተቀመጪ።»

«እሺ» አልኩ። ቆሜ።

ከዚያ ለብቻዬ መላክ ጀመርኩ። ኪዋቱሌ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ የቤት ኪራይ ክርክር፣ ክሊኒክ። ሥራ የሚያከፋፍለን ቢሮ የሚከፍለው በሰው ቁጥር ነበር። አለቃችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ማታ ስደውልለት የሚጠይቀኝ «ዛሬ ስንት ጨረስሽ?» ነበር። ጋሽ ሰዒድ ሲያገኙኝ «ዛሬ ማንን ሰማሽ?» ይላሉ። ለሁለቱም መልስ ነበረኝ። እየቆየ ግን ለአለቃዬ የምሰጠው መልስ እየረዘመ፣ ለጋሽ ሰዒድ የምሰጠው እያጠረ መጣ። ስሜ ወጣ። «ቤዛን ጥሯት፣ ፈጣን ናት» ይሉ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

እትዬ አስካለ የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠሩ ሴት ናቸው። ይሠሩ ነበር። ሃምሳዎቹን የተሻገሩ፣ ቀኑን ሙሉ ወፍራም የጎማ ጫማ አድርገው ሲሚንቶ ላይ የሚቆሙ። ልጃቸው ሰላም በትምህርት ቤት አንድ ክፍል ታንሰኝ ነበር፤ ስለዚህ «ልጄ» ነው የሚሉኝ። ወጥ ቤት የሚሠራ ሰው በየጊዜው የጤና ካርድ ማሳደስ አለበት። ካርዱ ካልታደሰ ሥራ የለም። አንድ ጠዋት እሳቸውን ይዤ ክሊኒክ ገባሁ።

ያን ቀን አራት ሰው ነበረብኝ። ረፋድ ላይ ኪዋቱሌ የወላጆች ስብሰባ አለ፤ የቦዳው ልጅ ደጅ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቀኛል። ወንበር ነበረ። ቦርሳዬን አስቀመጥኩበት።

ሲስተር ናካቶ ከቅጿ ቀና ሳትል «እንዴት ነዎት? የሚሰማዎት ነገር አለ?» አለች። አስተረጎምኩ።

እትዬ አስካለ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ከዚያ ወደ ቀኝ ጫማቸው አዩ። ቆዩ። «ብቻ...» አሉ።

ደጅ የሞተሩ ጡሩምባ ጮኸ።

«ፋይን» አልኩ።

ሲስተር ናካቶ ጻፈች፤ ማኅተሙን መታች። እትዬ አስካለ አፋቸው ትንሽ እንደተከፈተ እኔን አዩኝ። ዘጉት። ካርዱን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያዙትና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፣ አፋጠንሽልኝ» አሉኝ።

ለስብሰባው ደረስኩ። አልረፈደብኝም። ያን ሳስብ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ፤ እንኳን እግር የወላጅ ስብሰባም አያክል ነበር ያተረፍኩት ሰዓት።

በሦስት ሳምንቱ ሰላም ደወለችልኝ። ስኳር ነበረባቸው፤ አያውቁትም። ቀኝ እግራቸው ከደነዘዘ ቆይቷል። መርገጫው ሥር ቁስል ወጥቶ አላመማቸውም፤ ያልተሰማ ቁስል ደግሞ ጫማ ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሆስፒታል ስደርስ ትልቅ ነገር ስለሆነ ጋሽ ሰዒድ ተጠርተው አልጋው ጎን ተቀምጠዋል። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

ቀዶ ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚደነዝዝዎት?» አለ። እትዬ አስካለ «ወራት ሆኖታል» አሉ። ሐኪሙ ካርዱን አነሳ። «ታዲያ ከሦስት ሳምንት በፊት ክሊኒክ ፋይን ነኝ ብለዋል፤ እዚህ ተጽፏል።» ለጋሽ ሰዒድ አሳያቸው። ጋሽ ሰዒድ መነጽራቸውን ገፍተው አነበቡት። ከራሳቸው አይጨምሩም፣ አይቀንሱም፤ ጥያቄውን እንዳለ ነገሯቸው።

እትዬ አስካለ «አልተናገርኩም ይሆናላ» አሉ። «ድምፄ አልወጣ ብሎ ይሆናል።»

ጋሽ ሰዒድ ይህንንም እንዳለ አስተረጎሙት። ድምፃቸው ግን ተሰበረ። በዚያ ሥራ ላይ ድምፃቸው ሲሰበር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ሁለት እርምጃ ገብቼ «ተናግረዋል፣ እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። እግሬ መቆም የማይወደው እኔ በሩ ላይ ተተክዬ ቀረሁ።

እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆረጠ።

ጋሽ ሰዒድ ውጭ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው እርሳስ ይቀርጻሉ። ሥራው አልቋል፤ እርሳሱ ግን አላለቀም።

«ማን ነበር ክሊኒክ ያስተረጎመው?»

«እኔ።»

«ቃሉን ስተሽ ነው?»

«አይ። ‹ደህና ነኝ› ነው ያሉት። ፋይን አልኩ።»

«ቃሉማ ልክ ነው። ከዚያስ?»

«‹ብቻ› ብለው ነበር።»

ምላጩ ቆመ። «ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ያ አላህ» አሉ፤ ለኔ አይደለም። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። እርሳሱን ኪሳቸው ከትተው «ይህንን የምናገረው እኔ አይደለሁም፤ የኔ ቃል አይደለም። አንቺ ንገሪያቸው» አሉኝ።

«እንዴት አድርጌ?»

«ተቀምጠሽ።»

አልነገርኳቸውም። ሁለት ዓመት። ይልቅስ ጠያቂ ሆንኩ። በየሳምንቱ ፓፓያ ይዤ፣ አቮካዶ ይዤ እሄዳለሁ። ስኳር ላለበት ሰው የሚሆነውን እየመረጥኩ። ልብሳቸውን አጥባለሁ፣ መድኃኒት ቤት እላካለሁ። እትዬ አስካለ ደግሞ በመጣው እንግዳ ሁሉ ፊት «ይቺ ልጅ ናት ያልራቀችኝ፤ ከወለድኩት እኩል ናት» ይላሉ። እንግዶቹ ይመርቁኛል። «ተባረኪ፣ እግርሽን እንቅፋት አይንካው!» አንድ ሴት እንደዚያ ብላኝ ጓዳ ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ ቆየሁ።

በነዚህ ወራት የጋሽ ሰዒድ ዓይን ሞራ ለበሰ። ልጃቸው መጥታ ወደ ደሴ ወሰደቻቸው። ሱቋ ዛሬ ፀጉር ቤት ናት። ሲሄዱ ደብተሩን ሰጡኝ። «አብሽሪ፣ አንቺ ችኩል» አሉኝ፤ «ገና ባዶ ገጽ አለው።» ከደሴ ይደውሉልኛል። ጤንነቴን፣ እናቴን፣ ዝናቡን ይጠይቃሉ። መጨረሻ ላይ ሁሌም አንድ ናት፦ «ነገርሻቸው?» እኔም ኔትወርኩ ይቆራረጣል እላለሁ።

ስልኩ መጣ፤ ሥራውን ለቀቅኩ። ስልኩን ሰው ይሰድበዋል፤ «‹ብቻ› ሲሉት አይጠብቅም፣ ቶሎ ይመልሳል» ይሉታል። ምን ብዬ ልስደበው? ያን ቀን እኔም ስልክ ነበርኩ።

አሁን ካትዌ ነኝ፤ የብረት በርና የመስኮት ፍርግርግ የሚሠራ ግቢ ውስጥ። ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ልኬት እጽፋለሁ፣ እጄ ሲፈታ ብረት እፈገፍጋለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ። ጆሮ የሚያደነቁር ሥራ ነው፤ ማንም ለማንም አያስተረጉምም። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ሙዜ እንላቸዋለን። በገባሁ በሳምንቱ አንድ የዛገ በር ለቀለም አዘጋጂ ተባልኩ። የብርጭቆ ወረቀቱ በሦስት ዓይነት ተደርድሯል፤ ሻካራ፣ መካከለኛ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ለስላሳው። የለስላሳው ስም ምን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። እኔ እሱን አነሳሁ፤ እጅ አይልጥም፣ ቶሎ ያበራል። በአፍታ በሩን አሳመርኩት።

ሙዜ መጡ። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቅ አደረጉት። ከሥሩ ቡናማው ብቅ አለ።

«ኛቦ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያለሰለስኩ።»

«ዝገቱን ነው ያለሰለስሽው። ቀለም ብትቀቢው ከሥር ይበላዋል። ፋይን መጨረሻ ነው። በሻካራው ጀምሪ።»

ወሬያቸው የብረት ነው፤ እኔን አያውቁኝም። እኔ ግን ያን ቀን ሻካራውን ይዤ እስኪመሽ ፈገፈግኩ፣ ቅዳሜ ፓፓያ ሳልይዝ እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። ደብተሩ ላይም አሥራ ሁለተኛውን ገጽ በራሴ እጅ ጻፍኩ።

እትዬ አስካለ አልጋው ጠርዝ ላይ ምስር ይለቅማሉ። «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ፣ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ» አልኩ። ከዚያ በሩን ተደግፌ፣ ሳልተነፍስ፣ ሁሉንም ለፈለፍኩት። ‹ብቻ› ብለው እንደነበር፣ እንደሰማኋቸው፣ የሞተሩን ጡሩምባ፣ ስብሰባውን፣ ፋይን ማለቴን። ቆሜ። በአንድ ትንፋሽ።

ምስሩን መልቀም አቆሙ።

«ሰምተሽኝ ነበር?»

«ሰምቼዎት ነበር።»

«ድምፄ ወጥቶ ነበር?»

«ወጥቶ ነበር፣ እትዬ።»

ሰፌዱን አስቀመጡት። «እኔኮ» አሉ፣ «ሁለት ዓመት ራሴን ስረግም ነው የኖርኩት። ሥራዬን እንዳያስወጡኝ ፈርቼ ዋጥኩት ብዬ። ምነው አንዴ ጮክ ብዬ ብናገር፣ በገዛ አፌ ነው እግሬን የቆረጥኩት ብዬ። ለሰላም እንኳ የነገርኳት እንደዚያ ነው። አንቺ እዚህ በየሳምንቱ እየመጣሽ፣ እኔ ራሴን ስወቅስ እየሰማሽ...» አልጨረሱትም። «ሂጂልኝ» አሉኝ። «ዛሬ ሂጂልኝ።»

ሄድኩ። ስለ እግሩ የምጸጸት መስሎኝ ነበር የኖርኩት። የበደልኳቸው ሁለት ጊዜ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ደረጃውን ስወርድ ነው።

ለጋሽ ሰዒድ ደወልኩ። «ነገርኳቸው» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ። ተቀምጠሽ?»

«ቆሜ።»

«እንግዲያው ግማሹን ነው የነገርሻቸው» አሉኝ።

አሥር ቀን ያህል ማንም አልደወለልኝም። ካትዌ ብረት ስፈገፍግ ሰነበትኩ። በኋላ ሰላም ደወለች፤ ድምፅዋ ብረት ሆኗል፣ ሁሉን ሰምታለች። «እማዬ የቀረው እግሯን ያቃጥላታል። ክሊኒክ እንሂድ ስላት ከኔ ጋር አልሄድም አለች።»

«ታዲያ?»

«ቤዛ ትምጣ አለች። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ እሷ ናት።»

ሰኞ ጠዋት ሙዜን አስፈቅጄ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ክራንቻቸውን ይዘው ደጅ ቆመዋል። አልሳሙኝም። ታክሲ ውስጥ አላወሩኝም። ክሊኒኩ ያው ክሊኒክ ነው፤ ክፍሉ ያው ክፍል። ሲስተር ናካቶ እኔን ስታይ ተነስታ «ቤዛ! ጠፋሽ እኮ!» አለችኝ፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እንዴት ነዎት?» አለች። ስልኩ በአማርኛ ደገመው።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ እትዬ አስካለ።

ስልኩ ወዲያው መለሰ። ቃሉ ልክ ነበር። ያቺው ቃል ናት። ሲስተር ናካቶ እስክሪብቶዋን ወደ ቅጹ ወሰደች።

እትዬ አስካለ እኔን አዩኝ። አዩኝ ብቻ።

«ሲስተር» አልኩ፤ ጉሮሮዬ አልተዘጋም። «እስካሁን ያመሰገኑት ፈጣሪን ነው። ላንቺ ገና ምንም አላሉሽም። እባክሽ ደግመሽ ጠይቂያቸው።»

ሲስተር ናካቶ እስክሪብቶዋን ይዛ ቀረች። ከዚያ ፈገግ አለች። «እኛስ ብንሆን?» አለች። «አያቴም እንደዚህ ናት።» ስልኩን ገለበጠችው። ቀና ብላ አየቻቸው። «እማማ፣ እንዴት ነዎት?» አለች።

አስተረጎምኩ።

ጥግ ላይ ወንበር ነበረ። የአንድ ሰው ቦርሳ ተቀምጦበታል። ቦርሳውን አንስቼ ወለሉ ላይ አደረግኩት፣ ወንበሩን ወደ እትዬ አስካለ ጆሮ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሳብኩት።

ወደ ግራ ጫማቸው አዩ። ቆዩ።

«ብቻ...» አሉ።

ተቀመጥኩ።